ዥዋዥዌውን ያየችው ልጅ

አክስት አምስት ልጆች አስከትለው ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቡ ሄዱ። ሁለቱ የራሳቸው ናቸው፤ ሦስቱ የወንድማቸው። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ልጆቹን ለያይተው አዩዋቸው። የአክስትየዋ ልጆች መልካቸው ነጣ ያለ ነው፤ የአባታቸው ስም ቪዳውሪ ስለሆነ ደግሞ ለሰሚ የፈረንሳይ ስም ይመስላል። የወንድምየው ልጆች ጠየም ያሉ ናቸው፤ ስማቸውም ሜንዴዝ ነው። የእርሳቸው ልጆች መግባት እንደሚችሉ፣ የወንድማቸው ግን ወደ ሜክሲካውያኑ ትምህርት ቤት መሄድ እንዳለባቸው ተነገራቸው። አክስት ሶሌዳድ ቪዳውሪ ሴት ወይዘሮ ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱንም ሳያስመዘግቡ አምስቱንም ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

ቦታው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሬንጅ ካውንቲ ነው። የትንሿ ከተማ ስም ዌስትሚኒስተር፣ ትምህርት ቤቱ የ17ኛው ጎዳና ትምህርት ቤት ይባል ነበር። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከተመለሱት ልጆች አንዷ ሲልቪያ ሜንዴዝ ትባላለች፤ ገና ስምንት ዓመቷ ገደማ ነበር። ሁለቱ ወንድሞቿ ከእሷ ያንሳሉ።

ስለ አሜሪካ ጥቁሮች የመብት ትግል ብዙ ሰምተናል። ስለ ሮዛ ፓርክስ፣ ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ በሬዲዮም በመጽሐፍም አልፎልናል። የዚችን ልጅ ታሪክ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔን የሳበኝ ሲልቪያ ስታድግ የሆነችውን ሳውቅ ነው፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

አባቷ ጎንዛሎ ሜንዴዝ በሜክሲኮ ተወልደው በልጅነታቸው ካሊፎርኒያ የገቡ ሰው ናቸው። እናቷ ፌሊሲታስ ደግሞ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ናቸው። ሁለቱም ከእርሻ ጉልበት ሥራ የተነሱ ናቸው። ተጋብተው ሳንታ አና ከተማ ውስጥ መጠጥ ቤት ከፍተው ሲኖሩ አባትየው አንድ ሕልም ነበራቸው፤ እርሻ ማረስ። ተቀጣሪ ሆኖ ሳይሆን ራስን ችሎ።

ያ ሕልም የተሳካበት መንገድ ለብቻው ታሪክ ነው። ዌስትሚኒስተር ውስጥ 40 ኤከር አስፓራገስ የሚያመርት የሙኔሚትሱ ቤተሰብ ነበር። ጃፓናውያን ናቸው። በዚያን ጊዜ የካሊፎርኒያ ሕግ ከጃፓን ለመጡ ሰዎች መሬት ስለሚከለክል፣ መሬቱ የተመዘገበው አሜሪካ ውስጥ በተወለደው በልጃቸው ስም ነበር። በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ ወደ 120 ሺህ የሚሆኑ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው ወደ እስር ሰፈሮች ተጋዙ። ሙኔሚትሱዎችም አሪዞና በረሃ ውስጥ ፖስተን ወደሚባለው ሰፈር ተላኩ። እርሻው ባለቤት አጥቶ እንዳይጠፋባቸው የሁለቱም ቤተሰብ ደንበኛ የሆነ የባንክ ሰው ከጎንዛሎ ጋር አገናኛቸው። ጎንዛሎ እርሻውን ተከራዩ፤ ቤተሰቡን ይዘው ገቡበት። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አንዱ ቤተሰብ በዘሩ ተለይቶ ሲታሰር የእርሱን እርሻ የተረከበው ሌላው ቤተሰብ፣ በዚያው መንደር ልጆቹ በዘራቸው ተለይተው ከትምህርት ቤት ደጃፍ ተመለሱ።

የሜክሲካውያኑ ትምህርት ቤት ሁቨር ይባላል። ሁለት ክፍል ያላት የእንጨት ቤት ናት። አጠገቧ የከብት ግጦሽ አለ፤ አጥሩ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ ነው። ልጆቹ ምሳቸውን ሲበሉ ዝንብ ይወራቸዋል። መጽሐፉ ከነጮቹ ትምህርት ቤት የተረፈ አሮጌ ነው። በእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤቶች ሴቶቹ ስፌትና የቤት አያያዝ፣ ወንዶቹ የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር። ሲያድጉ የሰው ቤትና የሰው እርሻ እንዲሠሩ ታስቦ ነው።

ሲልቪያ ካደገች በኋላ ደጋግማ የተናገረችው አንድ ነገር አለ። አውቶቡሱ የሚያወርዳቸው በነጮቹ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ነበር። ግቢው በሣር የተዋበ ነው፤ ዥዋዥዌ አለው፤ የልጆች መጫወቻ ሞልቶበታል። እነሱ ግን ያንን እያዩ በእግራቸው ወደ ሁቨር ያልፋሉ። በየቀኑ። ወላጆቿ ሲመካከሩና ሲከራከሩ፣ ፍርድ ቤትም ይዘዋት ሲሄዱ፣ እሷ ጠቡ ሁሉ ስለዚያ ዥዋዥዌ ይመስላት ነበር። አባባና እማማ በዚያ መጫወቻ እንድንጫወት ነው የሚታገሉልን ብላ ታምን ነበር።

ልጅ እንዲህ ነው። ትልቁን ነገር በሚያየው ትንሽ ነገር ይለካዋል። ደግሞም እውነቷን ነበር እኮ፤ የእኩልነት ጥያቄ ለስምንት ዓመት ልጅ ከዥዋዥዌ የበለጠ ምን መልክ ሊኖረው ይችላል?

አባትየው ነገሩን ዝም ብለው አላለፉትም። ርእሰ መምህሩን አነጋገሩ፤ የትምህርት ቦርዱን አነጋገሩ፤ ሁሉም እምቢ አሉ። ኋላ ላይ ነገሩ ሲበረታ የእርሳቸውን ልጆች ብቻ በልዩ ሁኔታ እናስገባልህ የሚል መደራደሪያ እንደቀረበላቸውና እንዳልተቀበሉ ይነገራል። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። የልጅ ነገር ሲሆን ስንቶቻችን ነን «የኔ ይግባ እንጂ የሌላው የራሱ ጉዳይ» የማንለው? ጎንዛሎ ግን የጎረቤቶቻቸውም ልጆች ካልገቡ አይሆንም አሉ።

ያገኙት ጠበቃ ዴቪድ ማርከስ የሎስ አንጀለስ ሰው ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሳን በርናርዲኖ ከተማ ውስጥ ሜክሲካውያን ከሕዝብ መዋኛ ገንዳ መከልከላቸውን በፍርድ ቤት አሽሮ ነበር። የምክሩ ፍሬ ነገር በአንድ ከተማ ብቻ አትቁሙ የሚል ሆነ። ስለዚህ ጎንዛሎ በየከተማው እየዞሩ ሌሎች አባቶችን ፈለጉ። ሰው ይፈራል። ክስ ከመሰረትኩ ከሥራ እባረራለሁ ይላል፤ እውነትም አለው። ከእርሻ ጉልበት ሥራ አንድ ቀን መቅረት የዕለት ጉርስ ማጣት ስለሆነ፣ ለምስክርነት የሚቀርቡትን ሰዎች የቀን ደመወዝ ጎንዛሎ ራሳቸው ይከፍሉላቸው ነበር። ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያው ከአስፓራገሱ ነው። ባልየው እንዲህ ሲዞሩ እርሻውን የያዙት፣ ሠራተኛውን ያዘዙት፣ ሦስት ልጅ ያሳደጉት ፌሊሲታስ ናቸው። የእናቶችንና የአባቶችንም ስብሰባ ያደራጁ ነበር። የክሱ መዝገብ ላይ ግን ስማቸው የለም፤ የሴት ድካም መዝገብ ላይ ሲሰፍር የት አየን?

በመጨረሻ አምስት አባቶች ሆኑ፤ ሜንዴዝ፣ ኤስትራዳ፣ ጉዝማን፣ ፓሎሚኖ እና ራሚሬዝ። ማርች 2 ቀን 1945 በዌስትሚኒስተር፣ በጋርደን ግሮቭ፣ በሳንታ አና እና በኤል ሞዴና የትምህርት ቤት አስተዳደሮች ላይ ክስ መሰረቱ። የከሰሱት ለራሳቸው ልጆች ብቻ ሳይሆን ለ5,000 ያህል ልጆች ነው።

በጁላይ ወር ችሎቱ ተሰየመ። አሁን ወደ እኔ ሙያ የሚገባው ክፍል መጣ። የጋርደን ግሮቭ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ ጄምስ ኬንት ለምስክርነት ቀረቡ። ልጆቹ የሚለዩት እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ነው አሉ። ሲጠየቁ ሲጠየቁ ሌላውን አወጡት፤ የሜክሲኮ ልጆች በንጽሕና ያንሳሉ፤ ቅማል አለባቸው፣ የቆዳ ቁስል አለባቸው፣ የሳንባ ነቀርሳ አለባቸው፤ እጃቸው፣ ፊታቸው፣ አንገታቸውና ጆሯቸው ቆሻሻ ነው። ይህ ሁሉ በችሎት ፊት፣ ወላጆቹ ተቀምጠው እየሰሙ፣ የተነገረ ነው።

በሥራ ዘመኔ የስንቱን ተማሪ ራስ ፈትሼአለሁ። ስለ ቅማል አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ዘር አይመርጥም፣ ንብረትም አይጠይቅም። ራስ ከራስ ሲነካካ ይተላለፋል፤ በየቀኑ የሚታጠብ ፀጉር ላይም ይወጣል። በጥሩ ማበጠሪያ ቅጫሙን እያወጡ፣ መድኃኒቱን ቀብተው፣ የቤተሰቡን ሁሉ ራስ አብረው ካዩ ያልቃል። የቆዳ ቁስሉ ከባክቴሪያ የሚመጣ፣ ልጆች ላይ የሚበዛ፣ ታክሞ የሚድን በሽታ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በምርመራ የሚታወቅ ነው፤ ታማሚው ይለያል፣ ይታከማል፣ ሲሻለው ይመለሳል። ከእነዚህ አንዱም በአባት ስም አይታወቅም። ትምህርት ቤት ውስጥ በሽታ አለ ከተባለ ነርስ ይጠራል፤ ልጆቹ አንድ በአንድ፣ የነጩም የጠይሙም፣ ይታያሉ። ልጅን ስሙን ብቻ አንብቦ «ይሄ ቆሻሻ ነው» ብሎ ዝንብ የሚወረው ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ዞሮ ደግሞ በንጽሕና ማነሱን መናገር፣ በተማርኩበት የነርስነት መጽሐፍ ውስጥ የለም። መታጠቢያና ንጹሕ ምግብ ቤት ያለውን ትምህርት ቤት ለአንዱ፣ የከብት በረት አጠገብ ያለውን ለሌላው ሰጥቶ ንጽሕናን መመዘን ምን ይሉታል?

የእንግሊዝኛውም ነገር ቢሆን ማርከስ አፈረሰው። የ14 ዓመት ልጅ አቅርቦ አስመሰከረ፤ አጥርታ ተናገረች። የትምህርትና የሰው ልጅ ባሕል ምሁራንም ቀርበው፣ ልጆች እንግሊዝኛ የሚማሩት እንግሊዝኛ ከሚናገሩ ልጆች ጋር ሲውሉ እንጂ ተለይተው ሲቀመጡ እንዳልሆነ፣ መለየቱ ራሱ ልጁ ላይ የበታችነት ስሜት እንደሚያሳድር አስረዱ። እነ ሲልቪያ ራሳቸው ቤታቸው እንግሊዝኛ ይናገሩ ነበር።

ዳኛ ፖል ማኮርሚክ ወራት ወሰዱ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1946 ፍርዱ ወጣ፤ ወላጆቹ ረቱ። ዳኛው የቋንቋ ፈተና ተብሎ የቀረበው ነገር የጥድፊያና የማይታመን እንደነበረ፣ አንዳንዱ ልጅ በስሙ ብቻ እንደተመደበ ጻፉ። የሕዝብ ትምህርት ቤት በዘር ሳይለይ ለሁሉም ልጅ በአንድነት ክፍት መሆን እንዳለበትም አስፍረዋል። ያን ጊዜ እንዲህ ማለት ቀላል አልነበረም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1896 ጀምሮ «ለየብቻ ግን እኩል» የሚለውን ትክክል ነው ብሎ ይዞት ነበር።

አስተዳደሮቹ ይግባኝ አሉ። ነገሩ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሲሄድ ግን የአንድ እርሻ ቤተሰብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ነበር። የጥቁሮቹ የመብት ማኅበር፣ የአይሁዶቹ፣ የጃፓን ተወላጆቹ ማኅበርና ሌሎችም ለፍርድ ቤቱ የድጋፍ ጽሑፍ አስገቡ። በጥቁሮቹ ማኅበር ጽሑፍ ላይ ስማቸው ከሰፈረው ጠበቆች አንዱ ተርጉድ ማርሻል ናቸው፤ ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆኑት። ኤፕሪል 14 ቀን 1947 የይግባኙ ችሎት ፍርዱን አጸና። ምክንያቱን ግን ጠበብ አድርጎ ነው፤ የካሊፎርኒያ ሕግ የሜክሲኮ ልጆችን ለይ ስለማይል አስተዳደሮቹ ይህን የማድረግ ሥልጣን የላቸውም አለ። የእስያና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን ልጆች መለየት የሚፈቅደው የግዛቱ ሕግ ደግሞ በዚያው ዓመት በጁን ወር በገዢው በኧርል ዋረን ፊርማ ተሻረ። አስተዳደሮቹ ከዚያ ወዲያ ይግባኝ ስላላሉ ጉዳዩ ዋሽንግተን አልደረሰም፤ ስሙ ያልገነነው አንድም ለዚህ ነው። ኧርል ዋረን ግን ዋሽንግተን ደረሱ። በ1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆነው በመላው አሜሪካ በዘር የተለየ የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው የሚለውን ፍርድ ያነበቡት እርሳቸው ናቸው፤ የተከራከሩት ጠበቃ ደግሞ ተርጉድ ማርሻል።

ዛሬ ካሊፎርኒያ ያሉ የዘመዶቻችን ልጆች ጠዋት ቦርሳቸውን አንግተው በሰፈራቸው ወዳለው ትምህርት ቤት ሲገቡ ማንም ስማቸውን ወይ ቀለማቸውን አይቶ ወደ ሌላ ቤት አይመራቸውም። ለዚያ መንገድ የጠረጉት ሰዎች ውስጥ እነዚህ አስፓራገስ አምራቾች አሉበት።

ግን ስለ ልጅቷ ነበር የምነግራችሁ። ወላጆቿ ረቱ፤ ሲልቪያም ወደ ተቀላቀለው ትምህርት ቤት ገባች። የዳኛ ፍርድ የትምህርት ቤቱን በር ይከፍታል እንጂ በሩ ውስጥ ያለውን ልጅ አፍ አይዘጋም። ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ነጭ ልጅ መጥቶ አንቺ ሜክሲካዊት ነሽ፣ ቦታሽ እዚህ አይደለም አላት። እያለቀሰች ቤቷ ገባች። ሁለተኛ እዚያ አልሄድም፣ እነሱ አይፈልጉኝም አለች። ፌሊሲታስ እንባዋን ጠርገው «ተይው በቃ፣ ሌላ ቦታ እንፈልግልሻለን» አላሉም። ያን ሁሉ ጊዜ ፍርድ ቤት የተመላለስነው ለምን ይመስልሻል፣ አንቺም እንደዚያ ልጅ የእግዚአብሔር ፍጥረት አይደለሽም ወይ፣ ከእርሱ በምን ታንሻለሽ አሉዋት። ነገሩ የዥዋዥዌ ብቻ እንዳልነበረ ለሲልቪያ የገባት ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ተመልሳ ሄደች። ከዚያም በማግስቱ። እየቆየ ነጭ ጓደኞች አፈራች።

በእኔ ዓይን ከፍርዱ የሚከብደው ይህ ነው። ክስ መመስረት የአዋቂ ሥራ ነው፤ ጠበቃ አለ፣ ዘመድ አለ፣ ስብሰባ አለ። ልጅ ግን ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ነው የምትቀመጠው። በሙያዬ ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ የሚሉ ተማሪዎች ብዙ አይቻለሁ። ሆዳቸው ሲመረመር ደህና ነው፤ ቀስ ብሎ ሲጠየቁ ግን ትምህርት ቤት የሚሰድባቸው ሰው አለ። እንዲህ ያለው ልጅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ለቅሶውን የሚሰማለት ሰውና ነገ ተመልሶ እንዲሄድ የሚያደፋፍረው ሰው። ፌሊሲታስ ሁለቱንም ሆነው ተገኙ።

ሙኔሚትሱዎች ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከፖስተን ተመለሱ። እርሻቸው ሳይጠፋ ጠበቃቸው። የውሉ ጊዜ እስኪያልቅ ሁለቱ ቤተሰቦች እዚያው እርሻ ላይ አብረው ሠርተው ኖሩ። የጃፓኖቹ ልጅ አኪ እና ሲልቪያ ጓደኛሞች ሆኑ። ከዚያ ሜንዴዞች ወደ ሳንታ አና ተመለሱ። ጎንዛሎ ብዙ አልቆዩም፤ በ1964 በልብ ሕመም ሞቱ፤ ገና 51 ዓመታቸው ነበር።

ሲልቪያስ ምን ሆነች? ነርስ። ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው፤ በዕድሜም በሙያም ታላቄ ናቸው። ሲስተር ሲልቪያ መጀመሪያ በኮሌጅ ነርስነት ተምረው፣ በኋላም በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ በነርስነት ዲግሪያቸውን ያዙ፤ የሕዝብ ጤናም አጠኑ። ሎስ አንጀለስ ባለው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል 33 ዓመት ሠሩ። ሲጨርሱ የሕፃናት ሕክምናው ክፍል የነርሶች ምክትል ኃላፊ ነበሩ። እጃቸውና ጆሯቸው ቆሻሻ ነው ከተባሉት ልጆች አንዷ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የሁሉንም ልጅ እጅ ያዙ፣ ቁስል አጠቡ፣ መርፌ ወጉ። ኬንት በሕይወት ኖረው ይህን ሰምተው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ጡረታ የወጡት እናታቸውን ለማስታመም ነው። ፌሊሲታስ ታመው አልጋ ላይ ሳሉ አንድ ነገር ይቆጫቸው ነበር፤ ይህን ሁሉ ታግለን ማንም አያውቀው፤ ሰው አባትሽን አመስግኖት አያውቅም ይሉ ነበር። ለልጃቸውም አደራ ሰጧቸው፤ ሂጂና ንገሪያቸው። ሲስተር ሲልቪያ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የማይወዱ ሰው ነበሩ። የሆስፒታል ሰው ነኝ፣ ንግግር አልችልም ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ፌሊሲታስ በ1998 አረፉ። ልጃቸው ግን በስልሳዎቹ ዕድሜያቸው መድረክ መውጣት ጀመሩ። በመጀመሪያ እየፈሩ፣ ከዚያ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከግዛት ግዛት።

የሥራቸው ፍሬ በዓይን ታየ። ሳንታ አና ውስጥ በጎንዛሎና በፌሊሲታስ ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ፤ በክሱ መዝገብ ላይ ያልሰፈረው የእናት ስም እዚያ ከአባት ስም እኩል ተጽፏል። በ2007 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የጉዳዩን 60ኛ ዓመት አስመልክቶ ቴምብር አሳተመ። በፌብሩዋሪ 2011 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሲስተር ሲልቪያ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሽልማት፣ የነጻነት ሜዳልያ፣ አንገታቸው ላይ አጠለቁላቸው።

ከዚያም በኋላ ትምህርት ቤቶችን መዞር አላቆሙም። የሚያነጋግሯቸው ልጆች ብዙዎቹ ያን ጊዜ እርሳቸው በነበሩበት ዕድሜ ላይ ያሉ ናቸው፤ ሲስተር ሲልቪያም ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ዝንቡና ስለ ዥዋዥዌው ይነግሯቸዋል።